በዋናው በር መግባት፦ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም በተሽከርካሪ ወንበር

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት መጥተውላችሁ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ካላቸው፣ ወይም ራሳችሁ እንደ እኔ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀሱ ከሆነ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሙዚየም ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ ያንን ጊዜ ለአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ስጡት። የያዘው ታሪክ ትልቅ መሆኑን ብዙዎች ተናግረዋል። እኔ የምመሰክረው ሰውን እንዴት እንደሚያስገባ፣ እንዴት እንደሚያዞርና እንዴት እንደሚያሳርፍ ነው።

በሕፃንነቴ የያዘኝ ልምሻ ሁለቱንም እግሮቼን ስላደከማቸው ደሴ ላይ በክራንች ነው ያደግሁት። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ተሽከርካሪ ወንበር እጠቀማለሁ፤ የምኖረውም ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስለ አንድ ሕንጻ ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ውስጡ ምን እንዳለ አይደለም፤ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ኑሮ ነው።

ለምሳሌ በሌላ ከተማ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የሥዕል ሙዚየም አለ። ፊት ለፊቱ ሰፊ የእብነ በረድ ደረጃ ነው። ከደረጃው ሥር የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበት ቀስት ሕንጻውን አዙሮ ወደ ጓሮ ወሰደኝ፤ የቆሻሻ ገንዳዎቹን አልፌ ደወል ተጫንሁ። ደጅ ስጠና ቆይቼ አንድ ጥበቃ መጣና ዕቃ በሚጫንበት አሳንሰር፣ በእንጨት ሣጥኖች መካከል አድርጎ አወጣኝ። የወጣሁት ከዐውደ ርዕዩ መካከል ነበር፤ የመጀመሪያውን ክፍል ሳላይ ማለት ነው። ሥዕሎቹ ግሩም ነበሩ። መግቢያ አለ ከተባለም አዎን፣ አለ። እኔ ግን እንደ እንግዳ አልገባሁም፤ እንደ ዕቃ ነው የገባሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙዚየም የምለካው በዚህ ነው፤ ሌላው ሰው በሚገባበት በር ገብቼ፣ ሌላው ሰው በሚሄድበት መንገድ ሄጄ፣ ታሪኩን ሌላው ሰው ከሚጀምርበት ቦታ መጀመር እችላለሁ ወይ?

ባለፈው የጸደይ ወራት እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጣች። ጉልበቷን ስለሚያማት ሜዳው ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ደረጃ ግን አትችልም። የወንድሜን ልጅ ይዘን ሦስት ሆነን ወጣን። ልጁ እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደ፣ አማርኛ የሚሰማ፣ ሲናገር ግን ቃል የሚፈልግ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ቀዩ መስመር ስትሄዱ ባቡሩ የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች ራሳቸው የዚህ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። (የአሜሪካን ነገር የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መጀመሪያ በጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራው ጣቢያ ይመጣል። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት ይህ ዩኒቨርሲቲ ከ1864 ጀምሮ የነበረ ቢሆንም እስከ 1988 ድረስ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ኖሮት አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ቦርዱ አሁንም የምትሰማ ሴት ሲሾም ተማሪዎቹ በሮቹን ዘግተው ተቃወሙ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ኪንግ ጆርዳን የመጀመሪያው መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ።

ጥቂት ጣቢያዎች አልፎ ጋለሪ ፕሌስ ይመጣል። ሜትሮ ሲታቀድ አሳንሰር እንደ ቅንጦት ይታይ ነበር። በ1968 ኮንግረሱ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ፤ በ1970 ደግሞ ያ ሕግ ሜትሮን በግልጽ እንዲጨምር ተሻሻለ። ሕግ መውጣቱ ብቻውን አሳንሰር አላቆመም፤ ከሳሾች ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው። መጋቢት 27 ቀን 1976 የመጀመሪያው የሜትሮ መስመር ሲከፈት የጋለሪ ፕሌስ አሳንሰር ስላልተጠናቀቀ፣ ጣቢያው እንዳይከፈት ፍርድ ቤት ከለከለ። መድረኩ ተሠርቶ አልቋል፣ ሐዲዱም ተዘርግቷል፤ ባቡሩ ግን ሳይቆም ያልፍ ነበር። ጣቢያው የተከፈተው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ፣ አሳንሰሩ ሲገባለት ነው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ባቡሩ እዚያው ጣቢያ ላይ ቆሞ ነበር። በመስኮቱ የሚወርድና የሚወጣውን ሰው ስታይ ቆየችና፣ «ለአንድ አሳንሰር ብለው ይኼን ሁሉ ሕዝብ ሳያቆሙ አሳለፉት?» አለችኝ። «አዎ እማዬ» አልኋት። «እንዲያ ከሆነማ ዳኛው ይባረክ» አለች።

ሜትሮ ሴንተር ላይ በአሳንሰር ወርደን መስመር ቀየርንና በሚቀጥለው ጣቢያ፣ ፌዴራል ትራያንግል ላይ ወጣን። ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ እናቴም እያረፈች በእግሯ ሄደችው። ሙዚየሙ በኮንስቲትዩሽን ጎዳና፣ ከዋሽንግተን ሐውልት አጠገብ ነው። የነሐስ ቀለም ባላቸው ጥልፍ መሰል ጠፍጣፋ ብረቶች የተሸፈነ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ባለ ሦስት እርከን ሕንጻ ነው። ዋናው ነዳፊ ዴቪድ አጃዬ መልኩን የቀዳው ከዮሩባ ጠራቢዎች የእንጨት ሐውልት አናት ነው። የተከፈተው መስከረም 24 ቀን 2016 ሲሆን፣ መርቀው የከፈቱትም ፕሬዚዳንት ኦባማ ናቸው።

በሩ ላይ ደረጃ የለም። ለብቻ የሚያዞር ቀስትም ሆነ «ለእናንተ በዚያ በኩል» የሚል የለም። ቀደም ብለን በስልክ የያዝነውን ነጻ የመግቢያ ማለፊያ አሳየን፤ ቦርሳችን ተፈተሸ፤ ከሌላው ሰው ጋር በአንድ በር ገባን።

ሙዚየሙ ተሽከርካሪ ወንበሮችን ለጎብኚዎች በነጻ ያውሳል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል። ለእናቴ አንድ ጠየቅን። ሠራተኛዋ ወንበሩን ዘርግታ ስታመጣው እናቴ ነጠላዋን አጠበቀችና ወደ ኋላ አለች። «እግር እያለኝ? ሰው ምን ይለኛል?» አለች። እኔ ዝም አልሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰውን መወትወት አልወድም፤ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ መወሰን የራስ ነው። በዚያው ቅጽበት ሽበታቸው የነጣ አንድ ሽማግሌ በተመሳሳይ ወንበር ላይ ሆነው፣ የልጅ ልጆቻቸው እየተሻሙ ሲገፏቸውና ሲያስቋቸው በአጠገባችን አለፉ። እናቴ በዓይኗ ሸኘቻቸው። «እስቲ ትንሽ ልሞክረው» አለች። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ ከወንበሩ የተነሣችው ለጸሎት ያህል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እርሱን እመጣበታለሁ።

የሙዚየሙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል ከመሬት በታች ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ከሥር ነው። ጎብኚው ሁሉ፣ ሯጩም ጎልማሳውም፣ ወደ ታች የሚወርደው በሰፊ አሳንሰር ነው። በመስታወቱ በኩል ግድግዳው ላይ የተጻፉት ዓመታት ወደ ኋላ እየቆጠሩ እስከ 1400ዎቹ ይደርሳሉ። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቁጥሮቹን ግን ድምፅ አውጥታ ትቆጥር ነበር። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ይህ ነበር፦ ብዙ ቦታ አሳንሰር ማለት የእኔ ቢጤ ብቻ ተለይቶ የሚገባበት፣ ጥግ ላይ የተደበቀ ሣጥን ነው። እዚህ ግን አሳንሰሩ የታሪኩ መግቢያ ነው፤ ያለ እርሱ የሚጀምር የለም።

ከታች ከደረሱ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣው በራምፕ ነው። ባርነትና ነጻነት ከሚለው ክፍል ወደ ዘር መድልዎ ዘመን፣ ከዚያም ከ1968 ወዲህ ወዳለው ዘመን የሚያደርሰው ረጅም ተዳፋት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ በአንድ ጎን የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው፣ በሌላው ጎን ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ከኋላችን ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም አንድ አቀበት ላይ ነበርን።

ስለ ራምፕ ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሕንጻ ሠሪዎች ድንጋይ አጋድሞ ሲሚንቶ ማፍሰስ ይመስላቸዋልና። የአሜሪካ መለኪያ የሚለው አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ቢያንስ የአሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ነው። በአንድ ጊዜ ከ76 ሳንቲ ሜትር በላይ መውጣት አይፈቀድም፤ ከዚያ በፊት ሜዳ የሆነ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ማረፊያ መኖር አለበት። በጽሑፍ ሲታይ የመሐንዲስ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ይህን በመዳፌ አውቀዋለሁ። ተዳፋቱ ከዚህ ሲብስ በእያንዳንዱ ግፊት መካከል፣ እጄን ከጎማው ላይ አንሥቼ እንደገና እስክይዝ ድረስ ባለችው ቅጽበት ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያኔ ትከሻዬ የሚሠራው ለመውጣት ብቻ አይደለም፤ ላለመውረድም ጭምር ነው። ማረፊያው ላይ ደግሞ እጄን ጭኔ ላይ ጥዬ ዙሪያዬን አያለሁ። በዚህ ሙዚየም ራምፕ ላይ ሆኜ ከታች ያለውን ሰፊ አዳራሽ፣ ጥቁሮች ተለይተው ይቀመጡበት የነበረውን የባቡር ሠረገላና ሉዊዚያና ግዛት ካለው፣ አንጎላ ከሚባለው እስር ቤት የመጣውን የጥበቃ ማማ ከላይ ቁልቁል ስመለከት ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልረዳኝም። በገዛ እጄ ወጣሁ።

ከታየው ሁሉ በዐይኔ የቀረውን ጥቂት ብቻ ልንገራችሁ። በ1794 ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን አጠገብ ከሰጠመችው ሳኦ ዦዜ ከተባለች የባሪያ መርከብ የተገኙ የብረት ክብደቶች አሉ፤ ሰው ከተለመደ ጭነት ይልቅ ቀላል ስለሆነ መርከቧን ለማመዛዘን የተጫኑ ናቸው። በልጅ ቁርጭምጭሚት ልክ የተሠራ የእግር ብረት አለ፤ እናቴ እርሱ ፊት ዝም አለች። ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላት የሃሪየት ተብማን የትከሻ ሻርፕም አለ። ተብማን በልጅነቷ አንድ ተቆጣጣሪ የወረወረው የሚዛን ብረት ራሷን መትቷት ዕድሜዋን ሙሉ ድንገት እንቅልፍ የሚጥል ሕመም ተሸክማ ኖራለች፤ ባሪያዎችን እየመራች ያወጣችው ከነሕመሟ ነው። አካል ጉዳተኞች በታሪክ ውስጥ የት ነበሩ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠራው የእርሷን ስም ነው። ቀጥሎ በ1955 ነጮች የገደሉት የአሥራ አራት ዓመቱ ጥቁር ልጅ የኤሜት ቲል የሬሳ ሣጥን አለ። እናቱ ዓለም ያደረጉበትን ይይ ብላ ሣጥኑን ክፍት አድርጋ ነው ያስለቀሰችው። እናቴ ከወንበሩ የተነሣችው እዚህ ነው። ቆማ አማተበች፤ ትንሽ ቆየችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ለጥቁሮች መብት የታገለው የጥቁር ፓንተሮች ፓርቲ ታሪክ የሚነገርበት ላይኛው ክፍል ስንደርስ ለወንድሜ ልጅ አንድ ነገር ነገርሁት፤ እዚህም ልድገመው። ከ1968ቱ የሕንጻ ሕግ በኋላ በ1973 ሌላ ሕግ ወጣ። አንቀጽ 504 በመባል የሚታወቀው ድንጋጌው የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም ተቋም ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ብቻ እንዳያገልል ይከለክላል። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ የመንግሥት ድጎማ የሚወስደው ሙዚየም ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ማስፈጸሚያው ደንብ ሳይፈረም ዓመታት አለፉ። ሚያዝያ 5 ቀን 1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውን የፌዴራል ሕንጻ ገብተው ተቀመጡ፤ ከሦስት ሳምንት በላይም አልወጡም። ከመሪዎቹ አንዷ ጁዲ ሂዩማን ናት፤ እንደ እኔ በልጅነቷ ልምሻ የያዛት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ «ለእሳት አደጋ ታጋልጫለሽ» ተብላ ከትምህርት ቤት በር የተመለሰች ሴት። አብረው ከተቀመጡት መካከልም የጥቁር ፓንተሮች አባል የሆነው ብራድ ሎማክስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ፓርቲው በየቀኑ ትኩስ ምግብ ያመላልስላቸው ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን ደንቡ ተፈረመ።

የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት ስለ ፓንተሮች ተምሯል፤ ይህን ግን አልሰማም ነበር። «ምግብ ባይመጣላቸውስ?» አለኝ። እኔም ብዙ ጊዜ የማስበው ይህንኑ ነው። የአንዱ ሕዝብ ትግል የሌላውን እንጀራ የጋገረበት ጊዜ ነበር።

የ504 ትልቁ ቁም ነገር ጥያቄውን መቀየሩ ነው። የ1968ቱ ሕግ የሚጠይቀው ስለ ሕንጻው ነው፤ በሩ ይሰፋል ወይ፣ መጸዳጃ ቤቱ ያስገባል ወይ ይላል። 504 ግን፦ ከገባ በኋላስ ሌላው ያገኘውን ያገኛል ወይ ይላል። የቪዲዮው ንግግር በጽሑፍ የሚታየው፣ ለመድረክ ዝግጅት አስቀድሞ ለጠየቀ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚመጣው ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው። ማየት የተሳናቸው ጎብኚዎች ይህንንም ሙዚየም በሚያስተዳድረው በስሚዝሶኒያን ተቋም ሙዚየሞች አይራ የሚባለውን አገልግሎት በነጻ ያገኛሉ፤ በስልካቸው ካሜራ በኩል በርቀት ያለ ሠራተኛ ከፊታቸው ያለውን ይነግራቸዋል። ስሚዝሶኒያን ኦቲዝምና መሰል ሁኔታ ላለባቸው ልጆችም ሕዝብ ሳይገባ ማለዳ የሚከፍትበት ዝግጅት አለው፤ ጩኸትና ግርግር ለሚያስጨንቀው ልጅ ወላጅ ይህ ምን እንደሆነ አስቡት።

ከሦስቱ ሕጎች በስም በጣም የታወቀው የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው። ከመጽደቁ በፊት መጋቢት 12 ቀን 1990፣ ዛሬ ሙዚየሙ ካለበት ብዙም በማይርቀው የኮንግረስ ሕንጻ ፊት፣ አካል ጉዳተኞች ወንበራቸውንና ክራንቻቸውን ጥለው ደረጃውን በእንብርክክና በደረታቸው ወጡት፤ ጄኒፈር ኪላን የተባለች የስምንት ዓመት ልጅም አብራቸው ነበረች። ሐምሌ 26 ቀን ሕጉ ተፈረመ። እኔ በልጅነቴ ደረጃ የምወጣው እንደዚያ ነበርና ያንን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ክርኔ ያስታውሰዋል። ይህ ሕግ ግዴታውን የፌዴራል ገንዘብ ወደማይነካቸው ዘረጋው፦ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ እንዲሁም በስም ተጠቅሶ ሙዚየም። ከጥር 1993 መጨረሻ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት የሚሰጥ አዲስ ሕንጻ ከመነሻው የተመቸ መሆን አለበት። አሮጌው ግን ያለ ብዙ ችግርና ወጪ ሊያነሣ የሚችለውን እንቅፋት ያነሣል፤ ቅርስ የሆነው ደግሞ ቅርስነቱ እንዳይጠፋ የተለየ አካሄድ ይፈቀድለታል። የጓሮው በርና የዕቃው አሳንሰር የሚኖሩት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አንዳንዱ ሕንጻ በእውነት ሌላ ምርጫ የለውም። አንዳንዱ ግን ቅርስነትን ሰበብ ያደርጋል፤ ያንን አልታገሥም።

ሕግ የማይደርስበትም አለ። ሕግ የመተላለፊያውን ስፋት በሳንቲ ሜትር ይደነግጋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝብ ሲበዛ ግን በወንበር ላይ ያለ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባና የተንጠለጠለ ቦርሳ ነው። አሮጌ ጨርቅና ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳቸው በየትኛውም ሙዚየም ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጣሉ፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ደግሞ ያ ብርሃን አይበቃውም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ ሁለት መልካም ነገሮች ሲጋጩ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚያስፈልገው የሚያስተውል ሠራተኛ ነው። በዚያ ቀን አንድ ጥበቃ እኔና እናቴ ከአንድ ሣጥን ኋላ መጠበቃችንን አይቶ፣ ድምፁን ሳያሰማ ሁለት ሰዎችን በእጁ ምልክት ፈቀቅ አደረገልን። ይህን የሚያዝዝ አንቀጽ የለም።

ከታሪኩ ክፍሎች ስትወጡ ከጣሪያው ክፍተት ውኃ ክብ ሠርቶ የሚወርድበት የማሰላሰያ አዳራሽ ታገኛላችሁ። ካያችሁት በኋላ በቀጥታ ወደ ምሳ አትሂዱ፤ እዚያ ተቀመጡ። ምግብ ቤቱ ያለውም እዚያው ምድር ቤት ነው። የተለያዩ የአሜሪካ አካባቢዎች የጥቁሮች ምግብ ይሠራል፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። እናቴ የቀረበላትን ጎመን ቀምሳ «ቅቤ ቢገባበት» አለች፤ ጨረሰችው ግን።

እየበላን ነው ስለ አገር ቤት የተነሣው። ደሴ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄዳ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ አንድ የሰፈር ልጅ ልካ ሠራተኛውን ለምኖ እንዲያወርድላት እንዳደረገች ነገረችን። ሠራተኛው መጥቷል፤ ደግ ሰው ነው። እናቴ የምትፈልገው ግን ደግ ሰው መለመን አልነበረም።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ያወጣችው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ይህንን አስቀምጦታል። የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንጻ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ሲያዝዝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙትን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉትንም ጠቅሷል። እናቴን ማለት ነው። ይህን በዚያች ጠረጴዛ ላይ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔንም ጽፈውኛል?» አለች። ጽፈውሻል አልኋት። በዓመቱ ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 30 ሙዚየምን፣ ቤተ መጻሕፍትን፣ ቴአትርንና ቅርስን በስም እየጠራ ለአካል ጉዳተኛው የተገባ መሆናቸውን ይናገራል። ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ደረጃው ይደምሰስ የሚል የለም። ዛሬ መሠረቱ የሚጣል ሙዚየም ግን ምንም ምክንያት የለውም፤ ወረቀቱ አለን፣ የጎደለው የጋለሪ ፕሌሱ ዓይነት ዳኛና የሳን ፍራንሲስኮው ዓይነት ግትርነት ነው። አገር ቤት ያላችሁ በወንበር፣ በክራንችና በነጭ ዘንግ የምትንቀሳቀሱ ሰዎች ያያችኋቸውን ሙዚየሞች ጻፉልን፤ በሩ በየት እንደሆነ፣ ራምፑ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱ ወንበር ያስገባ እንደሆነ። ውበቱን ሌላው ይጽፈዋል።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ልበል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ነገር ግን ሰዓት የተቆረጠለት ማለፊያ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል። ከቻላችሁ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በፊት ሂዱ። ከመሬት በታች ያለው ክፍል ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ የላይኞቹን የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ፎቆች ለሌላ ቀን አቆዩዋቸው፣ እኛም እንደዚያው አደረግን። ወንበሩን ገና ስትገቡ ጠይቁ፤ ደክሟቸው ከቆዩ በኋላ ቢፈልጉት ላይኖር ይችላል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለሚያስፈልገው ሰው ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ጻፉ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሜትሮን የአሳንሰር ብልሽት ዝርዝር ተመልከቱ። የምትወርዱበት ጣቢያ አሳንሰር ከተበላሸ ሌላ ጣቢያ ወርዳችሁ ሠራተኛውን ጠይቁ፤ ሜትሮ የሚያደርሳችሁ ነጻ መኪና ያዘጋጃል።